በሁለተኛው ዓመት ስለሚጠባው ሐሊብ

ተጠራጣሪው፦ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ምክር ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ አይቅመስ የሚል ሲሆን፣ ኋለኛው ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይጥባ የሚል ነው። በፊተኛው አልከራከርም። በኋለኛው ግን፣ ዶክተር፣ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ከሚዛን ጋር የፈጀሁ ሰው በመሆኔ፣ ሚዛኑ የሚነግረኝና ምክሩ የሚነግረኝ አልስማማ ብሎኛልና፣ ከእርስዎ ጋር በቅንነት ልመረምረው እወዳለሁ።

ሐኪሟ፦ በደስታ፣ ጋሼ። ሚዛኑ ያለውን በአኃዝ ይንገሩኝ።

ተጠራጣሪው፦ ከዚንክ ልጀምር። ሥጋ እንዲያድግ፣ ቁስል እንዲሽር፣ ገላም ደዌን እንዲቋቋም የሚረዳው ይህ ማዕድን፣ እናቲቱ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት፣ በአንድ ሊትር ወተቷ ውስጥ 4 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል፤ በአንደኛው ወር ወደ 3፣ በሁለተኛው ወር ወደ 2፣ በስድስተኛው ወር ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ዓመት ሲሞላም ከ1 ሚሊ ግራም ብዙ አይርቅም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ብረቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው፤ በሊትር ከሚሊ ግራም ሲሶ እምብዛም አያልፍም። በአንጻሩ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመዘኛ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊ ግራም ብረትና 3 ሚሊ ግራም ዚንክ ሊያገኝ ይገባዋል። እንግዲህ ዓመት ያለፈው ልጅ በቀን ግማሽ ሊትር ቢጠባ፣ ከሚያስፈልገው ዚንክ ስድስተኛውን እጅ፣ ከሚያስፈልገው ብረት ደግሞ አርባኛውን እጅ ብቻ አገኘ ማለት ነው። ይህን ይዤ «ጥቢው ይቀጥል» ስባል፣ ባዶ እጅ እንዲዘረጋለት የምመክር ይመስለኛል።

ሐኪሟ፦ አኃዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወተቱ ከብረት የራቀው ደክሞ ወይም አርጅቶ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ጉስታፍ ፎን ቡንገ፣ እርሱም እንደ እርስዎ መዛኝ ነበረና፣ አዲስ የተወለደ ቡችላን አመድ ከውሻይቱ ወተት አመድ ጋር ባስተያየ ጊዜ፣ ሁለቱ በሌሎቹ ማዕድናት እጅግ የተቀራረቡ ሲሆኑ በብረት ብቻ ወተቱ ከቡችላው ሥጋ እጅግ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘው፤ ምክንያቱንም ሲመረምር፣ ፅንሱ ገና በማሕፀን ሳለ ብረቱን ከእናቱ ደም ተቀብሎ፣ በጉበቱ ስንቅ አድርጎ ይዞት እንደሚወጣ ተረዳ። በሰው ልጅም ነገሩ እንዲሁ ነው። እናት ብረቱን የምትሰጠው ከመውለዷ በፊት ነው፤ ከወለደች በኋላ በወተቷ የምታሳልፈው ጥቂቱ ብረትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የፊንላንድ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ ግማሽ ያህሉ ወደ ሕፃኑ ደም ይሰርጻል፤ ከላም ወተት የሚሰርጸው ግን ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ስለ ቡንገ አመሰግናለሁ፤ ዳሩ ግን ክርክሬን አጸኑልኝ እንጂ አላፈረሱብኝም። ስንቅ ያልቃል። ጊዜውን ጨርሶ በሙሉ ክብደት የተወለደ ሕፃን እንኳ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ያለ ጊዜው የተወለደው፣ ክብደቱ ያነሰው፣ እትብቱም ፈጥኖ የታሰረበት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ እርስዎ ያመጡት ምስክር ስለ መጀመሪያው ግማሽ ዓመት የሚናገር ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስንቁ ካለቀ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

ሐኪሟ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ምክሩም «ተጨማሪ ምግብ» የሚለውን ቃል የጨመረበት ስለዚሁ ነው። የማልስማማው፣ ብረትና ዚንክ ስላነሱ ብቻ ወተቱ እንዳለ ዋጋ አጣ በሚለው ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬትሪን ዴዊ የተባለችው የሥነ ምግብ ሊቅ ያጠናቀረችውን ስሌት ላስታውስዎ፦ በሁለተኛው ዓመት በቀን 448 ሚሊ ሊትር የሚጠባ ልጅ፣ ከሚያስፈልገው ኃይል 29 በመቶ፣ ከፕሮቲን 43 በመቶ፣ ከካልሲየም 36 በመቶ፣ ከቫይታሚን ኤ 75 በመቶ፣ ከቫይታሚን ቢ 12 ደግሞ 94 በመቶውን ከዚያው ወተት ያገኛል። ከዐጥንት መሥሪያው ማዕድን ከሲሶ በላይ የሚሰጥን ነገር ባዶ እጅ ሊሉት አይችሉም።

ተጠራጣሪው፦ ካልሲየሙስ ከወዴት ይመጣል? በዚህች አገር ብዙዋ አጥቢ እናት ወተት የምታየው ገበያ ስታወጣው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለልጇ በየቀኑ 200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም የምታሳልፈው እናት፣ ከገበታዋ ካላገኘችው ከገዛ ዐጥንቷ እየቈነጠረች መስጠቷ ነው። ለሕፃኑ ብለን እናቲቱን ማጕደል ፍትሕ ነውን?

ሐኪሟ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ነውና በጥቂቱ ልቆይበት። እውነት ነው፤ ስታጠባ የዐጥንቷ ማዕድን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመቶ ሦስት እስከ ሰባት እጅ ያህል ይቀንሳል። በጋምቢያ፣ ኬኔባ በተባለው መንደር፣ አን ፕሬንቲስና ባልደረቦቿ በቀን ወደ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ብቻ ይበሉ ለነበሩ አጥቢ እናቶች ለዓመት ያህል የካልሲየም ክኒን በሰጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እንደ ጻፉት፣ የወተቱ ካልሲየም አልጨመረም፤ የእናቶቹም ዐጥንት በክኒኑ ምክንያት የተለየ አልሆነም። የእናት ገላ ለማጥባት ሲል ዐጥንቱን የሚያላላው በራሱ ሥርዓት ነው፤ ጥቢው ሲቆም ደግሞ ያንኑ ማዕድን በወራት ውስጥ መልሶ ያከማቻል። ይህ የሚሆነው ግን መልሶ የማከማቻ ጊዜ ሲኖራት ነው፤ ልጁን ሳታስጥል ደግማ የምትፀንስ፣ በፅንስና በጥቢ መካከል ዕረፍት የማታገኝ እናት ግን ልንፈራላት ይገባል።

ተጠራጣሪው፦ ክኒኑ ወተቱን ካልለወጠው፣ «አጥቢ እናት በደንብ ትብላ» የሚለው ስብከትስ ለምን ይሆናል?

ሐኪሟ፦ ማዕድናቱ ሁሉ አንድ ጠባይ ስለሌላቸው ነው። ብረት፣ ዚንክና መዳብ ወደ ወተቱ የሚገቡት የጡት ሥጋ ራሱ በሚጠብቀው መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት የስዊድንና የሆንዱራስ እናቶች ተመርምረው፣ በወተታቸው ያሉት እነዚህ ሦስቱ ማዕድናት በእናቶቹ ደም ካለው መጠን ጋር አልተያያዙም። እንዲያውም ዚንክን ወደ ወተት የሚያሻግረው ጂን የተበላሸባቸው እናቶች አሉ፤ እነርሱ የቱንም ያህል ቢመገቡ ወተታቸው የዚንክ ድሃ ይሆናል፣ ጡት ብቻ የሚጠባውም ሕፃን ቆዳው እስኪቆስል ድረስ ይጐዳል። አዮዲንና ሴሌኒየም ግን የእናቲቱን ገበታ ተከትለው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በደጋ አፈር ላይ የምትኖር፣ አዮዲን የሌለው ጨው የምትበላ እናት ለልጇ የምታሳልፈው ያንኑ ጕድለት ነው፤ አዮዲን ባለው ጨው ወጥ የምትሠራ ግን ከዚያው ድስት ልጇንም መገበች። ስለዚህ «በደንብ ትብላ» ማለቴ ለራሷ ደም፣ ለራሷ ጕልበትና ለእነዚህ ለሁለቱ ነው፤ ዚንክን በእናት ጉሮሮ በኩል ለሕፃን እናደርሳለን ማለቴ አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ እንዲህ በግልጥ ሲነገር ለመቀበል አይከብደኝም። ይሁንና አንድ ነገር ቀርቷል። በሁለተኛው ዓመት ወተቱ ጨዋማ ይሆናል ይባላል፤ ይኸውም ሶዲየሙ ከፍ ስለሚል ነው። በጡት ሥጋ ኅዋሳት መካከል ያለው መጋጠሚያ ሲላላ ከደም የሚመጣው ሶዲየም ወደ ወተቱ ይገባል፤ ጡት በታመመ ጊዜም ይህ ነገር ይሆናል። ታዲያ ጡቱ ሥራውን ሊተው እየተሰናዳ መሆኑን ራሱ ሲናገር፣ እኛ «ቀጥዪ» ማለታችን ተፈጥሮን መጋፋት አይሆንምን?

ሐኪሟ፦ ስለዚህ የተሻለውን ምስክር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ከዐሥራ አንደኛው እስከ ዐሥራ ሰባተኛው ወር ያጠቡ እናቶች ወተት በየወሩ ተመርምሮ፣ ዚንኩና ካልሲየሙ ሲቀንሱ፣ ብረቱና ፖታሲየሙ ባሉበት ጸኑ፤ ሶዲየሙም እንዳሉት ጨመረ፤ ከሶዲየሙ ጋር ግን ጠቅላላው ፕሮቲን፣ ላክቶፌሪን፣ ላይሶዛይም እንዲሁም ደዌን የሚከላከለው ኢሚውኖግሎቡሊን ኤ አብረው ጨመሩ። የወተቱ መጠን ሲያንስ ጠባዩ ወደ እንገሩ ይመለሳል፤ እንገርም በሶዲየም ከፍ ያለና በመከላከያ የከበረ ወተት ነው። ልጅ ዳዴ ብሎ፣ ቆሞ፣ ከአፈርና ከእንስሳት ጋር ተቀላቅሎ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚያደርስበት ዕድሜ ይህ መምጣቱ ተፈጥሮ ሥራዋን እንደ መተው አይታየኝም።

ተጠራጣሪው፦ የእነዚያ እናቶች ቍጥር ግን ከሃያ የማይበልጥ፣ ኑሯቸውም የሞላላቸው ነበሩ። እኔ የማየው ደግሞ የዚህችን አገር መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ እናቶች በመካከለኛው ስሌት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያጠባሉ፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናትም 57 በመቶው ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። ረጅም ጥቢና የደም ማነስ በአንድ ቤት አብረው አድረዋል። ወተቱ የሕፃኑን ሆድ ሞልቶ ገንፎውን እንዳስገፋው አልጠረጥርምን?

ሐኪሟ፦ ይጠርጥሩ፤ ነገር ግን የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ሳይመረምሩ አይፍረዱ። በፔሩ በሊማ ከተማ ዳርቻ ለረጅም ጊዜ የሚጠቡ ልጆች በቁመት አጥረው በታዩ ጊዜ፣ ብዙዎች እርስዎ እንደሚሉት ጥቢውን ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ምርመራ ግን፣ እናቶቹ ልጃቸው ደካማና ሕመምተኛ ሆኖ ምግብ ሲያጣጥል ባዩት ጊዜ አዝነውለት ጡቱን እንዳልከለከሉት፣ ጠንካራውን ግን ፈጥነው እንዳስጣሉ ገለጠ። ልጁ ስለ ጠባ አልቀነጨረም፤ ስለ ደከመ ጡት መጣሉ ዘገየለት። በዚያው በ2016 ጥናት ደግሞ ሌላ አኃዝ አለ፤ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት በመጠንም በዓይነትም በቂ የሚባለውን ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ደሙ ያነሰበትን ምክንያት ስፈልግ ጡቱን ትቼ ወደ ምጣዱና ወደ ድስቱ የምመለከተው ስለዚህ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ጤፋችን ብረት አለው ይባል የለምን?

ሐኪሟ፦ አለው፤ ነገር ግን የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የተጣበቀበት ነው፤ ያም ወደ ደም እምብዛም አይገባም። በእህልና በጥራጥሬ ያለው ፋይቴት ደግሞ ብረቱንም ዚንኩንም ይዞ ያስቀራል። እርሾ ገብቶበት የተቦካ ሊጥ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ሳይቦካ በጥድፊያ የተገነፋ ገንፎ ግን እንዳለ ይይዘዋል፤ ሕፃኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ባልቴቷ፦ ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ዝም ብዬ ሰማኋችሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እኛ በዘመናችን ልጅ ሦስተኛ ዓመቱን እስኪይዝ እናጠባ ነበር፤ ሰውም ይሥቅብን ነበር፣ «ወተቱ እኮ ውሃ ሆኗል፣ ምን ትሰጪዋለሽ» እያለ። ውሃ ሆኗል ማለት ይህ የምትሉት ማዕድን ማለቁ ነው?

ሐኪሟ፦ የለም፣ እማማ። አንዳንዱ ማዕድን አንሷል እንጂ ወተቱ ውሃ አልሆነም። ስቡ አለ፣ ፕሮቲኑ አለ፣ መድኃኒቱም አለ።

ባልቴቷ፦ እንግዲያውስ ሌላው ቢቀር የከፋው ነገር ከጡቱ ላይ አልነበረም፣ ልጄ። ሕፃን ጾም የለበትም፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ጹም ያለው ካህን አላየሁም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም፣ በቤታችን ያለችው ድስት አንዲት ስለሆነች፣ በእርሷ እንቁላል ብቀቅል ወይም ለልጁ ቅቤ ባቀልጥ የቤተ ሰቡ ጾም የሚገደፍ እየመሰለኝ፣ ልጁ እኛ የምንበላውን ሽሮ ይበላ ነበር። ጡቴ ብቻ ነበር ፍስኩ።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ሰሙ? ከሽሮና ከእንጀራ በቀር ሌላ በማይቀርብበት ቤት፣ ወደ ልጁ አፍ የሚገባው ብቸኛው የእንስሳ ወገን ምግብ የእናቱ ወተት ነው። ቅድም ስለ ቢ 12 የተናገርኩት 94 በመቶ ለባለጸጋው ልጅ ትርፍ ቢሆን፣ ለዚህ ልጅ ግን የሌለውን የሚተካ ነው። ይህን ወተት ዚንኩ ስላነሰ ካነሣንበት፣ በምትኩ የምናስቀምጥለት ምንድር ነው?

ተጠራጣሪው፦ ብርቱ መልስ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ልከተለው። ቢ 12 ከእነዚያ እንደ አዮዲን የእናቲቱን ገበታ ከሚከተሉት ወገን ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ጾመኛዋ ራሷ ናት። እንደ እማማ ያለች እናት ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ፍስክ ካልቀመሰች፣ የዴዊ ስሌት ለምግብ የሞላላት እናት የተሠራ ነውና፣ ለዚች እናት ልጅ 94 በመቶ ብሎ ቃል መግባት አይቻልም።

ሐኪሟ፦ እውነት ነው፤ በዚህ ልከራከርዎ አልችልም። ለዚያ ልጅ ቍጥሩ ያንሳል። ስንት እንደሚሆን ከመገመት ግን፣ የእናቲቱን ገበታ ማስተካከልን እመርጣለሁ፤ ለአዮዲኑ አዮዲን ያለው ጨው በርካሽ ይገኛል፣ ለቢ 12 ደግሞ የምታጠባ እናት ጾሙን ስለ ማቅለል ከነፍስ አባቷ ጋር መማከር አለባት።

ተጠራጣሪው፦ ከሆነ ዘንድ የምክሩን ወረቀት እኔ ብጽፈው እንዲህ እል ነበር፦ «ከስድስት ወር በኋላ ለብረትና ለዚንክ በጡትሽ አትታመኚ።» አጭር ነው፣ እውነትም ነው።

ሐኪሟ፦ ያንን ያነበበች እናት በማግስቱ ልጇን ለማስጣል ጡቷን እሬት ትቀባለች። «አትታመኚ» የሚለውን ትሰማለች፤ «ለብረትና ለዚንክ» የሚለውን ሰዎች ሲያወሩላት ይረሱታል።

ተጠራጣሪው፦ ሰው ያጣምመዋል ብሎ እውነቱን መሸሸግ ለሐኪም የተፈቀደ አይደለም፣ ዶክተር። ዛሬ በወረቀቱ ላይ «እስከ ሁለት ዓመት አጥቢ» የሚለውን ብቻ አንብባ፣ ጡቷ ሁሉን የሚሞላ መስሏት፣ ያንን ሽሮ ብቻ የምትሰጥ እናት የለችምን? ያችንስ ማን አሳታት?

ሐኪሟ፦ አለች፤ በየቀኑ አያታለሁ። እኔ የምለው እውነቱ አይጻፍ ሳይሆን በምን ይጀመር ነው። አስቀድሞ የሚጨመረው ይነገራት፦ እንቁላል፣ ሲገኝም በደንብ የበሰለ ጉበት ወይም የተፈጨ ሥጋ፣ በተቦካ ሊጥ የተሠራ ገንፎ፣ ለልጁም የምትለያት አንዲት ትንሽ ድስት። ከዚያ በኋላ፣ ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጡቷ ስለማይሞላው መሆኑ ይነገራት።

ባልቴቷ፦ ድስቷስ ትገኛለች። ጉበትና እንቁላል መግዛት የማትችለውስ?

ሐኪሟ፦ ለእርሷ፣ እማማ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብረትና ዚንክ ያለበትን በገንፎ የሚነሰነስ ዱቄት ልታደርስላት ይገባል፤ እርሱ ባልደረሰበት ቤት ደግሞ ጡቷን አትከልክል ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

ተጠራጣሪው፦ ዱቄቱ ባልደረሰበት ቤት ምክሩ ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ይህን በወረቀቱ ላይ ባይጽፉትም ለሚያዝዙት ሹማምንት ይጻፉላቸው። አሁን ደግሞ አንድ የቀረኝን ልጠይቅ፤ የዐሥራ ስምንት ወር ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባ አድሮ ጠዋት ገንፎውን በእጁ ሲገፋ አይቻለሁ። ጥቢው ምግቡን አላስገፋውም ሊሉኝ ነውን?

ሐኪሟ፦ ለዚያ ልጅ አስገፍቶታል። ዓመት ላለፈው ልጅ እኔ የምመክረው፣ ጠዋትና ማታ ሲርበው ምግቡ እንዲቀድም፣ ጡቱም ከምግብ በኋላ እንዲከተል ነው።

ባልቴቷ፦ እኛ ግን ሁልጊዜ ጡቱን ነበር የምናስቀድመው፤ ምግቡ ይቅደም ያለን ሰው አልነበረም።